ለምጣድ ማሟሻ

ደብዳቤው ከአሰላ ነው የመጣው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ፋርማሲስት ነኝ። ድሮ ወግ እጽፍ ነበር። አዲስ አበባ የሚታተም አንድ መጽሔት በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ገጽ ሰጥቶኝ ስለ ሰፈራችን፣ ስለ ቤታችን፣ ስለ ሥራዬ የመጣልኝን እጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን በ2005 ስወልድ እንኳ አላቋረጥኩም። መጽሔቱ በ2006 ተዘጋ። ከዚያ በኋላም ለራሴ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። በ2008 እናቴ ታመመች፤ በዚያው ዓመት አረፈች። ሁለተኛው ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በየዓመቱ ‹ከመስከረም ጀምሮ› እላለሁ። መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ክፍያና ዩኒፎርም ይመጣል። ‹ከገና በኋላ› እላለሁ፤ ገናም ያልፋል። አንድ ሁለቴ ተቀምጬ ሞክሬ ቀድጄ ጣልኩት። እጄ ደርቋል። የድሮዎቹን ሳነብ ደግሞ አፍራለሁ። አብዛኞቹም የሉኝም። መጽሔቶቹ ቤት ስንቀይር ጠፉ፤ ፍላሽ ላይ ያሉትን ስከፍታቸው ቋንቋው የማይታወቅ ምልክት ብቻ ነው የሚታየኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ‹አሁን ደግሞ ማን ያነባል?› ይለኛል። መጽሔቱም የለም፤ ብጽፍስ የት አደርገዋለሁ? የት ጠፋሽ ለሚሉኝስ ምን ልበል? ሁሉን ትቼ በሌላ ስም ብጀምር ይሻለኝ ይሆን?

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ የማነብላት ለእሷ ነበር። ያጋነንኩበት ቦታ ላይ ስደርስ ‹ይቺን እንኳ ጨምረሽባታል› ትለኝ ነበር።

ነገሬ ከተቆራረጠ ይቅርታ፤ የማታ ተረኛ ሆኜ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምጽፈው። አሁን እንኳ አንድ አባት ገብተው ‹ሆዱ ከቀትር ጀምሮ ተነፍቷል፣ እህል አልቀምስ ብሏል› አሉኝ። ዕድሜው ስንት ነው? አልኳቸው። ‹ስድስት።› ክብደቱስ? ስላቸው ትከሻዬን አይተው ‹ያንቺን አምስት እጥፍ ይሆናል› አሉኝ። ለካ በሬ ነው። የከብት መድኃኒት ቤቱ ስለተዘጋባቸው ነው እኔ ጋ የመጡት። እዚህ የለም ስላቸው ‹ታዲያ ሆድ ሆድ አይደለም ወይ?› ብለውኝ ወጡ።»

እህቴ፣ እንደ ታናሽ እህት አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከበሬው ልጀምር። ይቅርታ የጠየቅሽበት ያ መጨረሻ ላይ ያለው ቁራጭ ሰው አለው፣ ንግግር አለው፣ ያልተጠበቀ ነገር አለው፣ ማለቂያም አለው። ሰውየው ሲወጡ አንቺም አቆምሽ። «የአርሲ ገበሬ በሬውን እንዲህ ይወዳል» ብለሽ ልታስረጂኝ አልሞከርሽም። አላሾፍሽባቸውም፤ ከንፈርም አልመጠጥሽላቸውም። «ትከሻዬን አይተው» የምትለዋን ደግሞ እይልኝ። ሰውየው ከብት በዓይናቸው ሲመዝኑ የኖሩ መሆናቸውን በሁለት ቃል ነገርሽኝ። እጇ የደረቀ ሴት እንዲህ አትጽፍም። ስለዚህ የደረቀ እጅ የሚባለውን ነገር ለዛሬ እንተወው።

ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ምን ሆንሽ? ሥራውም፣ ልጆቹም፣ የዩኒፎርሙ ወጪም እውነት ነው፤ አልክድሽም። ግን ያኔም ሥራ ነበረሽ። አራስ ሆነሽ እንኳ ጽፈሻል። እስቲ የራስሽን ዓመተ ምሕረቶች ተመልከቻቸው። መጽሔቱ የተዘጋው በ2006 ነው። አንቺ ያቆምሽው በ2008። በመካከል ያሉትን ሁለት ዓመታት ያለ አዘጋጅ፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ገጽ ጽፈሻል። ማን ያነብልኛል ብለሽ አልተጨነቅሽም፤ ምክንያቱም የምታዳምጥሽ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች።

ደብዳቤሽ ሙሉው ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ስለ እናትሽ አድማጭነት ያለው ሦስት መስመር፤ እሱም የመጣው ከፍላሹና ከባልሽ ነገር በኋላ ነው። እኔ ግን ሌላውን አልፌ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ለቀስተኛ ሲመጣ «እናቷ ሞተችባት» ይላል። «አድማጯ ሞተችባት» የሚል የለም። አንቺም ለራስሽ ያልሽው አይመስለኝም። የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ሺህ አንባቢ ቢኖረውም፣ ሲጽፍ የሚያስበው አንድ ጆሮ አለ። ያ ጆሮ ሲጠፋ ብዕሩ ለምን እንደቆመ ራሱ ጸሐፊውም ላይገባው ይችላል። ሥራ በዛብኝ ይላል። ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ስለሚበዛ የሚጠራጠረው የለም።

እናትሽን የሚተካ አልፈልግልሽም፤ የለምም። ጥያቄዋን ግን ትታልሽ ሄዳለች። «ይቺን እንኳ ጨምረሽባታል» የሚለውን ጥያቄ ከማንኛውም የጽሑፍ ትምህርት እመርጠዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ልጅሽ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንብቢላት። ልጅ ከባድ ዳኛ ነው። ነገር ስታንዛዢ የሹራቧን ጫፍ መጎተት ትጀምራለች፤ ያን ቦታ እርሳስ አድርጊበት። ስትጨርሺ «ጥሩ ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት፤ ለእናቱ ጥሩ አይደለም የሚል ልጅ የለም። «የጨመርኩበት የት ጋ ነው?» በያት። መልሱን ስታገኘው እሷም ደስ ይላታል፣ አንቺም ትጠቀሚያለሽ። ልጅሽ እንቢ ካለች ቡና የምትጠጡ ጎረቤቶች አይጠፉም።

በጆሮ ማንበብን አትናቂው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ስንት ሰው በዛብህንና ሰብለን በእሱ ድምፅ አወቃቸው! ሐዲስን ካነሳን አይቀር፣ ሁለተኛውን ልብ ወለድ ያሳተሙት በ1974 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት። በመካከል በመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ፣ አብዮትም ፈነዳ፣ አገር ተቀየረ። አንባቢው መጽሐፉን ሲያገኝ ግን የት ከረምክ ብሎ አልጠየቀም። ገዝቶ አነበበ።

ይህን ያነሳሁት «የት ጠፋሽ ለሚሉኝ ምን ልበል» ስላልሽ ነው። በአካል ለሚጠይቅሽ በአፍሽ መልሺለት። «እናቴን ሳስታምም፣ ልጅ ሳሳድግ» ካልሽው ይበቃዋል፤ ከዚያ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይሄዳል። በጽሑፍ ግን አትመልሺ። ረጅም ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው «ውድ አንባቢዎቼ፣ ለረጅም ጊዜ በመጥፋቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚለውን ነው። ቀላል ስለሆነ ነው የሚጽፈው። ግማሹ ይቅርታ ነው፣ ግማሹ ቃል መግባት። ከሁለቱ የሚብሰው ቃል መግባቱ ነው። «ከእንግዲህ በየሳምንቱ እንገናኛለን» ትያለሽ። በሦስተኛው ሳምንት ትንሹን ልጅ ጉንፋን ይይዘዋል፤ አንድ ሳምንት ያልፍሻል። አሁን ሁለተኛ ይቅርታ መጻፍ አለብሽ። እሱን ከመጻፍ ደግሞ መጥፋት ይቀልሻል። ብዙ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ደግሞስ ለማን ነው ይቅርታው? የድሮ አንባቢሽ ስምሽን ሲያይ «እንዴ! አለች?» ብሎ ደስ ይለዋል እንጂ የመቅረት ወረቀት አምጪ አይልሽም። አዲሱ አንባቢ መጥፋትሽንም አያውቅ። ለእሱ ትናንት የጀመርሽ ነሽ፤ ይቅርታሽ ግራ ያጋባዋል።

እናትሽንም ለመቅረትሽ ምክንያት አድርገሽ አታቅርቢያት። ስለ እሷ መጻፍሽ አይቀርም፤ ይገባልም። ግን በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ገጽ ትምጣ። «የጠፋሁት እናቴ ሞታብኝ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካለፍሻት ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ «ጨምረሽባታል» እዚያው ይቀበራል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባትነኪያት ይሻላል።

አሁን ተቀምጠሽ ወደ ቀደድሽው እንምጣ። ምጣድ ለአንቺ መንገር ድፍረት ነው፤ ግን ታገሺኝ። ብዙ ጊዜ ተሰቅሎ የከረመ ምጣድ ሲወርድ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይሟሻል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዋ እንጀራ ትይዛለች፣ ትቆራረጣለች። የትኛዋ ሴት ናት ያቺን አይታ «ጋገራ ጠፍቶብኛል» ብላ ሊጡን የምትደፋው? ጠርጋ ታነሳትና ቀጣዩን ትጥላለች። ያቺ ለምጣድ ማሟሻ ናት፤ እንግዳ ፊትም አትቀርብም። አንቺ ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋን ጣልሽ፣ ያዘችብሽ፣ ምጣዱን መልሰሽ ሰቀልሽው።

ስለዚህ ማሟሻ ጻፊ። ማንም እንደማያያቸው አስቀድመሽ እያወቅሽ ጥቂት ገጾች ጻፊ። ለልጅሽም እነዚህን አታንብቢላት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትሂጂ። በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ። ስለ ሕይወት ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው ሻይ ጠጥቶ ነው የሚነሳው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ አገር እንደዚያው። አንቺ ግን የሐኪም ጽሕፈት አንብባ የምታድር ሴት ነሽ! እሱ ብቻ ስንት ገጽ ይወጣዋል። ዝርዝር ሲጠፋ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ስትሰጪ የሚቀበልሽ ሰው ፊት አለ። «ከውጭ የመጣው የለም ወይ?» እያለ የአገር ውስጡን ክኒን እንደ ሐሰተኛ ብር አገላብጦ የሚያይ አለ። ለራሱ ያዘዘውን መድኃኒት ለጎረቤቱም ያካፈለና ውጤቱን ሊነግርሽ የሚመጣ አለ። ማታ ተረኛ ስትሆኚ በሩን የሚያንኳኳው ሰው አንኳኳኩ ራሱ ምን ያህል እንደቸገረው ይናገራል። የቀስ በቀስ እንቁላልን ተረት አልጠቅስልሽም፤ ተጠቅሶ ተጠቅሶ እግሩ ዝሏል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዞ የሚጠብቀውን ሰው አትጻፊው። እሱ ለፋርማሲስቷ እንጂ ለጸሐፊዋ አልመጣም። የሰው በሽታ በአደራ የሰማሽው ነው። «ስሙን ቀይሬዋለሁ» የሚባለው ነገር በአሰላ አይሠራም። ስሙን ብትቀይሪ ኮፍያው ያስታውቀዋል፤ ኮፍያውን ብታወልቂለት ሚስቱ ታውቀዋለች። በሽተኛ ያለበት ታሪክ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይቅርብሽ። የበሬውን ባለቤት ልትጽፊያቸው ትችያለሽ፤ መልካቸውንና ቀበሌያቸውን እስካልነገርሽን ድረስ እኔ ነውር አላይበትም። ልጅሽን ደግሞ ጠይቂያት። በ2005 ስለ እሷ ስትጽፊ ሕፃን ነበረች፤ አሁን የክፍል ጓደኞች አሏት፣ ማንበብም ይችላሉ። አይሆንም ካለችሽ አይሆንም ነው።

ሰዓት የለኝም ለምትዪው፣ ይህን ደብዳቤ መቼ ጻፍሽው? በተራሽ ማታ። ያው ሰዓት አለ ማለት ነው። መስከረምን ግን ተዪው። አበባው ያምራል እንጂ መስከረም ለኪስም ለጊዜም የማይመች ወር ነው። እንኳን ለወግ ለእንቅልፍም አይበቃም። በሚቀጥለው ተራሽ ማታ ጀምሪ፤ ቀኑ ሐሙስ ይሁን ማክሰኞ ለውጥ የለውም።

ባልሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ማን ያነባል?» የሚለውን ጥያቄ በክርክር አትመልሺውም፤ እሱም መልስ ፈልጎ የጠየቀሽ አይመስለኝም። ምናልባት ዝም ብሎ አፉ ላይ የመጣለትን ነው። አንባቢ እንዲሆንልሽም አትጠብቂ። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ልጆቹን እንዲይዝልሽ ጠይቂው። ለዚያ ማንበብ አያስፈልገውም። ክፉ ሰው አይደለም ብለሻል፤ እንግዲህ ይታያል።

አሁን ወደ ፍላሹ። «ቫይረስ በልቶታል» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፤ ጽሑፍሽ አልተበላም፣ አለ። ያኔ የጻፍሽው እንደ ብዙዎቻችን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ መሆን አለበት። እነዚህ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፎንቱ ሲኖር «ሀ» ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው የፈረንጅ ምልክት ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ ግን የድሮዎቹ ፎንቶች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲሠራባቸው ቆይተዋል። አንቺም ያኔ የጻፍሽው በእነሱ ነው።

መጀመሪያ ፍላሹን ሌላ ቦታ ቅጂው። ምልክት ሆኖ እያየሽው አስተካክላለሁ ብለሽ «ሴቭ» እንዳትዪ። ከዚያ ቆየት ያለ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሂጂ። የድሮው ፎንት ያልጠፋበት ኮምፒውተር አንድ አይታጣም። እዚያ ሲከፈት ፊደሉ ተመልሶ ይመጣል። ለጊዜው ማተም ብቻ ከፈለግሽ እዚያው አትሚው። ለወደፊቱ እንዲቆይ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች አሉ። ከተቀየረ በኋላ መስመር በመስመር አንብቢው። አንዳንድ ፊደል ይዛባል፣ ነጥቡም ቦታውን ይስታል።

የአሁኑን በምን ልጻፍ ካልሽ፣ ስልክም ደብተርም ይሆናል። ጎግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል፤ ስትናገሪ እሱ ይጽፋል። ከሥራ ስትወጪ መንገድ ላይ የሰማሽውን ለመያዝ ጥሩ ነው። ወጉን ግን በእሱ ባትጽፊ እመርጣለሁ። አፍ ይፈጥናል፤ አንቺ ደግሞ «ትከሻዬን አይተው» የምትለውን የምታገኚው እጅሽ ሲዘገይ ይመስለኛል።

የጠፉት መጽሔቶች አልጠፉም። አሳታሚዎች ከሚያትሙት ላይ ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ እንዲያስገቡ ሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የድሮ መጽሔትና ጋዜጣ አለው። መታወቂያሽን፣ የመጽሔቱን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ወር ይዘሽ ሂጂ። «ድሮ እጽፍበት ነበር» ብለሽ ብቻ ከሄድሽ ሠራተኛው ከየት ይጀምርልሽ? አዲስ አበባ ለመድኃኒት ግዢ የምትመጪበት ቀን ካለ ግማሽ ቀን ጨምሪበት።

ስታገኚያቸው ማፈርሽ አይቀርም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት የጻፈችውን የ41 ዓመት ሴት ስታነበው ካላፈረች ምኑን አደገችው? እንደ እኔ ከሆነ ሁለት ሦስቱን ብቻ አንብቢ። ደህና የሚመስልሽን ምረጪ፤ ምን እንዳየሽና የት እንዳቆምሽ ተመልከቺ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ አስገቢያቸው። አታስተካክያቸው። አንዳንድ ሰው የድሮውን ሲያርም አዲሱን ሳይጀምር ዓመት ይሞላዋል። እንደዚያች ልጅ ልጻፍ ብለሽም አትድከሚ። እሷ እናት ነበራት፣ እንቅልፍም ነበራት። ቀልዷ ይፈጥን ነበር ይሆናል። የአንቺ ደግሞ ይዘገያል፣ ግን ሲመጣ ይቆያል፤ የበሬውን ሰውዬ አራት ቀን ሙሉ እያሰብኩ ስቄያለሁ።

የት አደርገዋለሁ ላልሽው፣ መጀመሪያ የትም አታድርጊው። ማሟሻው ካለፈ በኋላ ደህና የምትያቸው ሦስት አራት ወጎች ሲጠራቀሙ አትሚያቸውና ለምታምኛቸው ሰዎች ስጪ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ፈረንሳይ ሳለ የጻፈው ልብ ወለድ ታትሞ እስኪወጣ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። እስከዚያ ድረስ በታይፕ እየተገለበጠ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር፤ ሳይታተም አንባቢ ነበረው። ለሰው ስትሰጪ ግን አስተያየት ስጡኝ ብለሽ አታስጨንቂያቸው። የጎረቤትሽ ልጅ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ካዋሰችው ያ አስተያየት ነው። መኪና ውስጥ ረስታው ከወረደችም አስተያየት ነው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣም አለ፣ ሬዲዮም አለ፣ መጽሔትም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስትልኪ የድሮውን መጽሔት ስም መጥቀስ ትችያለሽ፤ አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ይወዳሉ። ግን በአንድ መስመር። ከሥሩ አዲሱን ወግ አስቀምጪ፤ የሚፈርዱት በእሱ ነው።

ሌላ ስም ላልሽው ደግሞ። ብዕር ስም ነውር አይደለም፤ ስንቱ ጽፎበታል። ጥያቄው ለምን ፈለግሽው ነው። የምትጽፊው ስለ ሥራሽ ስለሆነና ደንበኞችሽ ነገ ፋርማሲ ሲገቡ «ደግሞ ይህችኛዋ ልትጽፈኝ ነው» ብለው እንዳይሳቀቁ ከሆነ፣ ተገቢ ነው። በብዕር ስም ጻፊ፤ እኔም አደርገው ነበር። የድሮዋን ሴት ለመሸሽ ከሆነ ግን አይጠቅምሽም፤ ሦስተኛው ወግ ላይ አንድ የድሮ አንባቢ «ይቺ ልጅ እኮ…» ብሎ ይለይሻል። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ወጎች ስም ሳልጽፍባቸው አዟዙሬ ከልጄ ጋር እወስን ነበር። የበሬውን ወግ ስትጨርሺ ለእኔም አንድ ቅጂ ላኪልኝ፤ ሰውየው በሬያቸው ተርፎላቸው እንደሆነ ካወቅሽ ከታች ጨምሪበት።